ሠላሳ ጊዜ አኝከህ ለምትውጠው ወንድሜ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ እንደ አባትም እንደ እናትም ሆኖ ላሳደገኝ ለጋሼ።

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? የሣሩ ብናኝ ሲነሣ እንደ ልማድህ ሰሌዳው ፊት ቆመህ እያስነጠስህ ተማሪዎችህን ታስቃለህ ወይስ ዘንድሮ ማረህ? እማማስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ደረጃውን ብቻዋን መውረድ ጀመረች ወይስ አሁንም የሰው ትከሻ ትይዛለች? ባለቤትህ እትዬስ ደህና ናት? ልጆቹስ? የጓሮው በር ማጠፊያስ ተጠገነ? ስለ በሩ የጠየቅሁህ ለቀልድ እንዳይመስልህ። ባለፈው ደብዳቤህ ስለ እሱ አራት መስመር ሙሉ አማርረህ ስለ ራስህ ግን «ደህና ነኝ» ብለህ ብቻ ዘጋኸው። እኔና ባለቤቴ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብንም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሚጢጢማ ደህና ብቻ አይደለችም፣ አድጋለች። በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የማሰምርላት መስመር ዓመት ሙሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቆይቶ በዚህ ስድስት ወር ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ይህ ደብዳቤ የረዘመው በዚያ በሁለት ጣት ምክንያት ነው።

እንደ ልማዴ «አንተ» እያልሁ ነው የምጽፍልህ። ታላቅ ወንድምን አንተ ማለት ነውር ነው ብላ እማማ ስትቆጣኝ፣ «አንቱ ካለችኝ ከነገ ጀምሮ ከዘራ ልይዝ ነው» ብለህ ያስፈቀድህልኝ ራስህ ነህ። ዛሬ ፈቃዱ በጣም ያስፈልገኛል፤ መሐል ላይ የምቆጣህ ቦታ አለ።

ደብዳቤዬ ሲደርስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከምሳ በኋላ ሁሉም እንደተቀመጠ መነጽርህን በሸሚዝህ ጫፍ ትወለውልና እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብለህ ታነባለህ። የማይጥምህ መስመር ሲመጣ ደግሞ ድምፅህ ሳይቀየር ዘለህ ታልፋለህ። ይህን የደረስሁበት ልጅ ሳለሁ ነው፤ አጎታችን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ኋላ ብቻዬን ሳነባቸው ግማሹን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እባክህ ዛሬ አትዝለል። በስልክ ልንገርህ ብል ስለ ጤናህ ገና አፌን ስከፍት «ደህና ነኝ፣ እማማን ላቅርብልሽ» ትለኛለህ። ወረቀት ግን እማማን አያቀርብም።

ሆስፒታል እንደምሠራ ታውቃለህ፤ ምን እንደምሠራ ግን አንድም ቀን በወጉ ነግሬህ አላውቅም። ሐኪሞች የሰውን የውስጥ አካል የሚያዩበት፣ በአፍ በኩል የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ጥቁር ቱቦ አለ። ምርመራውን ኢንዶስኮፒ ይሉታል። ከአንዱ ሰው ወጥቶ ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት እኔ ዘንድ ያልፋል። ክዳን ባለው ትሪ ተጠቅልሎ ይመጣልኛል። መጀመሪያ አየር ነፍቼበት ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ አንዲት አረፋ እንኳ ከወጣች የተቀደደ ቦታ አለውና ለጥገና ይሄዳል። ከዚያ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ቀጭን ብሩሽ በውስጡ አሳልፋለሁ፤ ብሩሹ በወዲያኛው ጫፍ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ እደጋግመዋለሁ። ቀጥሎ ማሽን ያጥበዋል፤ በመጨረሻ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ይደርቃል። እያንዳንዱ ቱቦ ቁጥር አለው፤ የትኛውን ማን እንዳጠበው መዝገብ ላይ ይፈረማል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለምውል እጄ የልብስ አጣቢ እጅ መስሏል። ሥራው ግን ያስደስተኛል፤ ያኮራኛልም።

አለቃችንን ሁለቴ እንላታለን። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለምታስደርገን ያወጣንላት ስም ነው፤ ራሷም ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ከጠራናት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጡረታዋ ደርሷል፣ ዓይኗ ግን ከእኛ ከሁላችንም ይበልጣል። ገና ሥራ የጀመርሁ ሰሞን አንድ ያጠብሁትን ቱቦ አገላብጣ አየችና «ይህ የገዛ ልጅሽ ጉሮሮ ውስጥ ቢገባ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አፈርሁና እንደገና አጠብሁት። ይህን ጥያቄ አዲስ የመጣን ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። ሠላሳ ዓመት ሠርታ አንድ ቱቦ እንኳ «ይበቃዋል» ብላ ያሳለፈች ሴት አይደለችም። እንደ እሷ ሥራውን የሚያከብር ሰው ከአንተ ሌላ አላየሁም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት አንድ ሰውዬ መጣ። በዕድሜ አንተን ያህላል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ በእጁ ግን የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ምራቁን እየተፋ ነበር። በዋዜማው ምሳ ላይ የዋጠው ሥጋ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ምራቁን እንኳ አላሳልፍ ብሎት እንደዚያው ሆኖ ነው ያነጋው። ሐኪሟ አወጣችለት። ትሪው እኔ ዘንድ ሲመጣ ያቺን ቁራጭ አየኋት። ጋሼ፣ ከአንድ የባቄላ ፍሬ አትበልጥም። አንድን ትልቅ ሰው ያን ያህል ያሰቃየችው እሷ ናት። ነርሷ እንደነገረችኝ ሰውዬው ሲጠየቅ «እኔ ታምሜ አላውቅም፤ ቀስ ብዬ የምበላ ሰው ነኝ እንጂ» ብሎ መለሰ። ሁልጊዜ ሥጋውን በጣም አድቅቆ እንደሚቆርጥ፣ በየጉርሻው ውሃ እንደሚጠጣ፣ ሰው ቤት ሲጋበዝ «በልቼ ነው የመጣሁት» እንደሚል ነገራቸው። ነርሷ ይህን ስታወራ ብሩሹን በእጄ እንደያዝሁ ቀረሁ። ሁለቴ «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልሁ። ነርሷ የምታወራው ስለ ሰውዬው ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን አንተን ነው።

ሐኪሟን ላስተዋውቅህ፤ ወደፊት ደጋግሜ አነሣታለሁ። በርጩማዋን ይዛ የምትዞር አጭር ሴት ናት። ሕፃን ስታናግር ከሕፃኑ ዝቅ ብላ ካልተቀመጠች አታወራም። ያን ቀን ማጠቢያ ክፍላችን ብቅ ስትል ደፈር ብዬ ጠየቅኋት፤ ቸኩላ ነበር፣ ቢሆንም ቆማ አስረዳችኝ። አለርጂ ሲባል ማስነጠስና ማሳከክ ብቻ ይመስለን ነበር አይደል? የምግብ ቧንቧም አለርጂ ይይዘዋል። ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገው ምግብ የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ያስቆጣዋል፣ ያብጣል፣ ይቀላል። ልጆች ላይ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ ክብደት አለመጨመር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ሰው «ሞልቃቃ ልጅ» ብሎ ያልፈዋል። ሳይታከም ዓመታት ሲቆጠሩ ያ ቁጣ ጠባሳ እየተወ ይሄዳል፤ ቧንቧው ይደድራል፣ ቀለበት ቀለበት ይሠራል፣ ይጠባል። ትልቅ ሰው ላይ ምግብ የሚቆመው ያኔ ነው። አይተላለፍም፤ ቤተሰብ ውስጥ ግን ይደጋገማል፤ አስም ወይም የሣር ብናኝ የሚያስቸግረው ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ይበረታል። ልትወጣ ስትል ስለ ሰውዬው ተናገረች፤ ከአሥር ዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ መቅላቱን ብቻ ነበር የማየው፣ አሁን ግን የልጅ ቱቦ እንኳ በግድ ነው ያለፈለት አለች። ይህን ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ቁጭት የገዛ ወንድሟ የታመመባት ያስመስላት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን ልመለስ። ጋሼ ሠላሳ! ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይልህ የለ? አንድ ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ሳያኝክ የማይውጥ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሣ ገና ግማሽ ላይ ያለ፣ ሥጋውን በልኩ የሚከትፍ፣ የውሃ ማሰሮው ከአጠገቡ የማይጠፋ ጨዋ ሰው። እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳይህ ነበር፤ «ልጄ ስስት የሚባል አልፈጠረበትም» ትል ነበር። እኔንም በአንተ ቀጣችኝ፤ ተስገብግቤ ስውጥ ማንኪያዬን ቀምታ «እንደ ጋሼሽ! ቁጠሪ!» ትለኝ ነበር። የቤታችን ሕግ ሆነ። ልጆችህም ቆጥረው በሉ። እኔም ከአገር ርቄ ስወልድ ከቤታችን ይዤው የመጣሁት ትልቁ ቅርስ ይህ መሰለኝና ሚጢጢን ማኘክ ስትጀምር ጀምሬ አስተማርኋት። ስታኝክ አገጯ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ባለቤቴን «አየህ? ቁርጥ ጋሼን!» እያልሁ እኮራ ነበር።

የሰውዬው ነገር በሆነ በሳምንቱ እሑድ ምሳ ላይ ሩዝና በትንሹ የተከተፈ ሥጋ አቀረብሁ። ባለቤቴ አውቶቡስ ሲነዳ ስለሚውል እሑድን አብረን ካልበላን ሳምንቱ አይሞላልንም። ሚጢጢ ታኝካለች። ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ። ሠላሳ ላይ አልቆመችም፤ አርባ፣ ሃምሳ አለፈች። ውሃ ጠጣች። ትከሻዋን ከፍ አድርጋ፣ አንገቷን ወደፊት ሰገግ አድርጋ ዋጠች። ይህን ስታደርግ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ግን አላየኋትም ነበር። ለምን ይህን ያህል ታኝኪያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። እንደሚታወቅ ነገር አድርጋ «አለበለዚያ አይወርድማ» አለችኝ። ቀጥላም ማንኪያዋን አስቀምጣ አሰበችና «ሠላሳውን ያወጣው ጋሼ አይደል? ለእሱም አይወርድለትም ማለት ነው» አለች። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሰባት ዓመት ልጅ፣ ፎቶህን እንጂ አንተን አይታህ የማታውቅ፣ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ አብረንህ ስንበላ ያልታየንን በአንድ ጉርሻ መሐል ደረሰችበት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጸጸት ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ታንሳለች፤ ሚጢጢ ያልናትም ለዚያ ነው። እንድታድግልኝ ብዬ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ወተት አጠጣት ነበር። እንቢ ስትል እቆጣለሁ፤ ስታስመልስ ደግሞ ቀስ ብለሽ ስላልጠጣሽ ነው እላለሁ። በኋላ እንደተረጋገጠው ጉሮሮዋን ያስቆጣው ያው ወተቱ ነው። በገዛ እጄ፣ በፍቅር፣ በቀን ሁለቴ።

ሐምሌ ላይ ቀጠሮ ተያዘላት። ሐኪሟ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቱቦውን አስይዛ አሳየቻት፣ ካሜራውን ወደ መዳፏ አዙራ የመዳፏን መስመሮች በስክሪኑ ላይ እንድታይ አደረገቻት። ሚጢጢ ጥያቄዋን ደረደረች፤ ስተኛ የሚያየው ማን ነው? ከጉሮሮዬ ለምርመራ ቆንጥራችሁ የምትወስዱት ተመልሶ ይበቅላል? ሐኪሟ አንዱንም በ«አይዞሽ» አላለፈችውም፤ ለሁሉም እውነቱን መለሰችላት። ልጄ ልብስ ቀይራ በተንቀሳቃሹ አልጋ ስትሄድ አላለቀሰችም። በር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ያየችው እኔን ሳይሆን ልትሸኛት የመጣችውን ሁለቴን ነው፤ «ሁለቴ ታጥቧል?» ብላ ጠየቀቻት። ሁለቴ ሠላሳ ዓመት ስትጠይቅ የኖረችውን ጥያቄ ተጠየቀች። «አራቴ» አለቻት። እውነቷን ነው፤ መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ለዚያን ቀን የተመደበውን ባለ ሰባት ቁጥር ቱቦ ሌላ ሰው አላስነካችም፣ ራሷ አጥባ ራሷ ፈርማለች።

ሲያልቅ ቱቦው ወደ ማጠቢያ መጣ። ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርሁ፤ ሚጢጢ ገና አልነቃችም፤ ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጧል። ካባዬን ለብሼ ገባሁና እኔ ልጠበው አልኋት። ሁለቴ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ጓንት አቀበለችኝ። ከልጄ ጉሮሮ የወጣውን ቱቦ ልክ እንደ ሌላው ቀን አየር ነፋሁ፣ ነከርሁ፣ ብሩሽ አሳለፍሁ። ከእሷ በኋላ የማን ልጅ እንደሚገባበት አላውቅም። ጋሼ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አለቀስሁ፣ ግን እጄ አልቆመም።

ናሙናው በአጉሊ መነጽር ታይቶ ሲመጣ የተፈራው ሆኖ ተገኘ፤ ቧንቧዋ ውስጥ ሊኖሩ የማይገባቸው የአለርጂ ሴሎች ሞልተዋል። ስክሪኑ ላይም ግድግዳው አብጦ ከላይ ወደ ታች ቦይ ቦይ ሠርቷል። ግን አልጠበበም። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ሁለት እጄን ያዘችኝ፤ በጊዜ መጥታችኋል፣ ይህ ይመለሳል አለችኝ። ወተትና ወተት የነካው ነገር ሁሉ ተከለከለ፤ ጉሮሮን እየለበሰ የሚወርድ ወፍራም ሽሮፕ ታዘዘላት፤ ከጠጣችው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አትቀምስም።

ሚጢጢህን ብታያት ኖሮ ትኮራባት ነበር። እኔ ሱቅ ውስጥ ብስኩት ላይ የተጻፈውን ሳነብ መነጽር እፈልጋለሁ፤ እሷ ቀድማ «አለው፣ መልሺው» ትለኛለች። የጓደኛዋ ልደት ላይ ኬክ ሲታደል እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «ጉሮሮዬ እየተጠገነ ነው፣ ስጨርስ ትሰጡኛላችሁ» አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ የጓደኛዋ እናት ናት፤ ሚጢጢ ግን ወደ ቤት ስትመጣ ስለ ፊኛዎቹ ብቻ ነው ያወራችው። እኔ በእሷ ዕድሜ ማር ተከልክዬ ምን እንዳደረግሁ ታስታውሳለህ፤ ማሰሮውን ሰበርሁ። ይህች ልጅ ትዕግሥቷን ከማን እንደወሰደች አሁንም አውቃለሁ፤ ቁርጥ ጋሼን።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እንደገና ታየች። በሐኪሟ ፈቃድ ስክሪኑን አየሁ፤ ቦዮቹ ጠፍተዋል፣ ግድግዳው ለስልሷል፣ ናሙናውም ንጹሕ ወጣ። ወተቱ እንደተከለከለ ይቆያል፣ ክትትሉም አይቀርም፤ ይህ ተድኖ የሚረሳ ሳይሆን ተይዞ የሚኖር ነገር ነው። ግን ባለፈው እሑድ ምን ሆነ መሰለህ? ምሳ ላይ ስለ አንድ የትምህርት ቤታቸው ድመት እያወራች በላች፣ በላች፣ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋችና ለመጫወት ወጣች። ባለቤቴ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ሳትቆጥር በላች ጋሼ። ባዶውን ሳህን አንሥቼ ለባለቤቴ አሳየሁት።

አሁን ወዳንተ መጣሁ። ዘለህ ልታልፍ የምትፈልገው ቦታ ይህ ነው፤ ግን አይሆንልህም። ለእትዬ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነግሬያታለሁ፤ ደብዳቤው ስምንት ገጽ እንደሆነና ስድስተኛው ገጽ ላይ ስለ ጓሮው ግድግዳ የሚያወራ ነገር እንዳለ። ስለ ጓሮው ግድግዳ ሳትሰማ ደብዳቤው ካለቀ ተቀብላህ ራሷ ታነባዋለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንግዶች ነበሩብን። መሐል ላይ «በሩን ልየው» ብለህ ከገበታ ተነሣህ። በር ለማየት የወጣ ሰው ሲቆይብኝ ተከትዬህ መጣሁ። የጓሮውን ግድግዳ በሁለት እጅህ ተደግፈህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ ምራቅህ እየተዝረበረበ፣ ዓይንህ ደም መስሎ አገኘሁህ። መናገር አልቻልህም። ሳታየኝ ልመለስ ስል ቀና አልህና ጣትህን ከንፈርህ ላይ አደረግህ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዋጥህ፤ ፊትህን ታጠብህ፤ ለማንም እንዳትናገሪ፣ እማማ በከንቱ ትጨነቃለች አልኸኝ። ገብተህ ተቀመጥህ፣ ከእንግዶቹም ጋር ሳቅህ። እነሱም ጨዋነትህን አደነቁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ «በሩን ልየው» እያልህ እንደተነሣህ እኔ ብቻ ነኝ የምቆጥረው። ሃያ ስድስት ዓመት ምሥጢርህን ጠበቅሁ። ከዛሬ ጀምሮ አልጠብቅም።

ቆጣ ያልሁት እዚህ ላይ ነው፤ እንዳልሁህ አስቀድሜ አስፈቅጃለሁ። እኛ ስናደንቅህ የኖርነው ሕመምህን ነው፤ አንተም እንድናደንቀው ተውኸን። ያም ሆኖ አድናቆቴ ከቶ አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። ያንን ጉሮሮ ይዘህ ቀኑን ሙሉ አስተማርህ፤ አንድ ጉርሻ ስንት መከራ እንደሆነብህ እያወቅህ ከሳህንህ ላይ አንሥተህ ለእኔ አጎረስኸኝ። እንደ አንተ ያለ ሰው አላየሁም። ግን ጋሼ፣ ሰው ማድነቅና ሰው ማጣት አብረው እንዲሄዱብኝ አልፈልግም። ስምንት ወር ሙሉ ይህን ሳልጽፍ የቆየሁትም ፈርቼ ነው፤ የልጄን ሳላረጋግጥ የአንተን ላነሣ አልደፈርሁም።

ያንተም ያው ነው ብዬ አልፈርድም፤ እኔ አጣቢ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ታይቶ፣ ናሙና ተወስዶ ነው የሚታወቀው። ሐኪሟ ስለ አንተ ስነግራት ሙሉውን አዳመጠችኝና ላንተ አገር ሐኪም የሚሰጥ ግማሽ ገጽ ጻፈች፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ጠብቦም ቢሆን መፍትሔ አለው ብላለች፤ ቁጣውን በመድኃኒት ያበርዱታል፣ የጠበበውን ደግሞ በትንሽ ፊኛ ቀስ በቀስ፣ በተለያየ ቀን ያሰፉታል። ያ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ የመጣው ሰውዬ ቧንቧውን ሦስት ጊዜ አስፍተውለት ባለፈው ወር ሥጋ በልቶ ዜናውን ሊነግረን መጥቶ ነበር። እስክትታይ ድረስ አንድ ነገር አደራ፤ ምግብ ቢቆምብህ በዳቦ ልግፋው፣ በውሃ ላውርደው እንዳትል፤ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። ምራቅህን መዋጥ ካቃተህም ግድግዳ አትደገፍ፤ ቀጥ ብለህ ወደ ሆስፒታል ሂድ።

እማማን ጉልበቷን ስሜ እሰናበታታለሁ፤ እማማ፣ እንዳታለቅሺ፤ እኔም ልጄን ወተት እያጠጣሁ ነው ያሳመምኋት፤ ሁለታችንም የሠራነው በፍቅር ነው። ለእትዬ ሰላምታዬ የበዛ ነው፤ ገጾቹን ቆጥረሽ እንደምትረከቢው አልጠራጠርም፤ ቀጠሮውንም ካንቺ ሌላ ማንም አይዝለትም። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ ስትውጥ ትከሻዋን ከፍ ታደርግ እንደሆነ ግን አንተ ልብ ብለህ እይልኝ። ለትንሹ አፈ ጮሌ ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ መቁጠር ቀርቷል፣ የቤታችንን ሕግ አክስትህ ሽራዋለች በለው። ባለቤቴ ጤናህን አብዝቶ ይመኝልሃል። ሚጢጢ ደግሞ ቱቦው አያምም፣ ተኝተህ ትነቃለህ፣ ግን መጀመሪያ ሁለቴ መታጠቡን ጠይቅ ብላሃለች።

ከእንግዲህ የምመኘው አንድ ነገር ነው። አንድ እሑድ ከሁሉም ቀድመህ በልተህ፣ ሳህንህን ወደ ጎን ገፍተህ፣ በር ሳይሆን ሰማይ ለማየት ብለህ ትውጣልኝ። እማማም ከኋላህ «ይህ ልጅ ምን ነካው? ያ ሁሉ ሥርዓቱ የት ገባ?» ብላ ስትቆጣህ በስልክ ልስማ።

ምሥጢርህን ጠብቃ ኖራ ከእንግዲህ የማትጠብቀው ታናሽ እህትህ።

ከማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ ቱቦዎቹ እስኪደርቁ
የካቲት ፲፱ ቀን